ግድግዳው የእርስዎ፣ ጠፈጠፉ የጎረቤት፦ «ቤቴ የቀበሌ አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ «ቤቴ የቀበሌ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ የቤት ባለቤት መሆናቸው ግን ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ንዴት ቢበዛበትም ተራ ስድብ አይደለም፤ የሚመለስለት ነገር አለው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ የግል ንብረትን ስላከበረ ማንም መጥቶ «አሸንዳ ግጠም፣ አጥር አድስ፣ ቦይ ጥረግ» ሊለኝ አይችልም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር እየከፈልኩ ደጄ ላይ ያለው ቦይ የኔ ሥራ አይደለም። የጅማ ቤት አብዛኛው ጭቃ ነው፤ የጥገና ደንብ ግን ለብሎኬትና ለፎቅ የተጻፈ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ቢሞላ የሚሸተው ለኔው ነው። በመጨረሻም፣ ጥገና ማስገደድ ኪራይ ከማስወደድና የጉቦ በር ከመክፈት ሌላ ፋይዳ የለውም።

አንዱን ነጥብ ሳልከራከር ልስጣቸው። ጽሑፉ በምሬት የሚያነሳው በሐምሌ የሚመጣ የቀለም ትእዛዝ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የማይረባ ትእዛዝ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም አረፋ ይሠራል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ይላጣል። ቀለምና ጠፈጠፍ ግን አንድ አይደሉም። ጸሐፊው የቀለሙን ብስጭት ይዘው ደንቡን በሙሉ ጠራርገው ጣሉት። የሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ከሕጉ ልጀምር። የጠቀሱት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ነው፤ የጠቀሱት ግን ግማሹን ነው። ያው አንቀጽ፣ በዚያው በንዑስ አንቀጽ 1፣ መብቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችልና የሌሎችን ዜጎች መብት ሳይቃረን የሚሠራበት መሆኑን ይናገራል። ከሕገ መንግሥቱ ብዙ ቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ጉርብትና ዝም አላለም። ቁጥር 1225 ባለቤት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥቀርሻ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ወይም በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። ቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። «እንደሚወድቅ አላወቅሁም» ማለት እዚህ አያድንም።

የአጥር ግንብን እንውሰድ። ከጅሬን በኩል ወደ ከተማው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ብዙ ሰው ግቢውን ለማስተካከል አፈር ቆርጦ ወይም ሞልቶ የድንጋይ ግንብ ያቆማል። የጅማ ቀይ ሸክላ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ከግንቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውኃም መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ግንቡ ሲሠራ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ሁለት ኢንች ቱቦ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጎ ማስገባት፣ ከጀርባውም ጠጠር መሙላት። ቱቦዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ በብረት ዘንግ መክፈት ደግሞ የጥገናው ሥራ ነው። ይህ ካልተደረገ ግንቡ መጀመሪያ ወገቡ ላይ ይነፋል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ መንገደኛ ላይ ይደፋል። ደንቡ ቢሰረዝ ተጠያቂነቱ አብሮ አይሰረዝም። የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማው በፍርድ ቤት መጥሪያ ይሆናል።

የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች ከዚህ ክርክር ውጭ ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና የፍሳሽ መስመሩን የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ስላደረገው «ከቤቴ በር ውጭ ያለው አይመለከተኝም» የሚል የኮንዶሚኒየም ባለቤት ከራሱ ማኅበር ጋር ነው የሚጣላው።

ወደ ቦዩ እንምጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹን ልስጥ። ዋናው የጎርፍ ማስወገጃ፣ መንገድ አቋራጭ ቱቦው፣ ከላይኛው ሰፈር የሚመጣውን ውኃ የሚሸከመው ትልቁ ቦይ የከተማው ሥራ ነው። ግብር የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ እሱ ሳይጠረግ ነዋሪውን ብቻ መቅጣት አድልዎ ነው። ከቤቱ ጣሪያ ወርዶ ወደ ቦዩ የሚገባው ውኃና ከደጃፉ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻ ግን የማን ነው?

በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስምንት በአሥር የሆነ ቤት 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ የከሰዓት ዝናብ፣ ለጅማ ብርቅ ያልሆነ ዝናብ ማለት ነው፣ ከዚህ ጣሪያ 2,400 ሊትር ያወርዳል። አሥራ ሁለት በርሜል ሙሉ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ከተማ ደግሞ ከዚያው ጣሪያ የሚወርደው 120,000 ሊትር ይደርሳል። ይህን ውኃ የሰበሰበው ጣሪያው እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ መኪና ለማስገባት በየደጃፉ የሚሠራውን መሻገሪያ እንመልከት። ቦዩ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ውኃ የሚያልፍበት አፍ 3,600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ባለቤቱ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ቀብሮ ከላይ ኮንክሪት ሞልቶ ይዘጋዋል። የቱቦው አፍ 707 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የቦዩ አምስተኛ እጅ ገደማ። ግማሹ በደለልና በፌስታል ሲሞላ አሥረኛ እጅ ይቀራል። ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና ከላይ ያለው ጎረቤት ሳሎን ይገባል። የሚገርመው፣ ጎርፉ የገባበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚራገመው ማዘጋጃ ቤቱን ነው፤ ቱቦውን የቀበረው ሰው ግን ቤቱ ደረቅ ስለሆነ ነገሩን አያውቀውም።

ትክክለኛው አሠራር ቦዩን በሙሉ ስፋቱ ትቶ ከላይ በሚነሳ የኮንክሪት ክዳን መሸፈን ነው። ለእግረኛ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክዳን ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሁለት ጫፉ የፌሮ ማንሻ ከተተወለት ሁለት ሰው አንስቶ ሥሩን ይጠርጋል። መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ውፍረቱ ይጨምራል፣ ፌሮውም ይጠብቃል፤ ይህን ለባለሙያ ማሠራት ነው። ደለሉን ከቦይ አውጥቶ ጠርዙ ላይ መከመር ግን አለመጥረግ ነው፤ የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ጸሐፊው «የቦይ ሽታ ወባ አያመጣም» ያሉት ልክ ነው። የወባ ትንኝ የምትመርጠው ጥቁር የቆሸሸ ፍሳሽ ሳይሆን ፀሐይ የሚያገኘውን ጥርት ያለ ያቆረ ውኃ ነው። ይህ ግን ክርክራቸውን አይረዳም፤ በተዘጋ ቦይ ዳር ዝናብ ባባራ ቁጥር የሚቀረው ኩሬ እንዲህ ያለ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የተስማማበት እሱ ይመስለኛል። «የኔ ቤት ጭቃ ነው፤ ደንቡ ለብሎኬት ነው።»

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የብሎኬት ቤት ቸል ቢሉት ዓመታት ይታገሣል። ጭቃ ቤት ሁለት ክረምት ጠፈጠፍ ከመታው ከሥሩ መበስበስ ይጀምራል። ውኃው ከጣሪያ ጫፍ ወርዶ መሬት ሲመታ እስከ 40 እና 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይፈነጠቃል። ምርጊቱ ይረግፋል፤ ማገሩ ይጋለጣል፤ ቋሚው መሬት ከሚገባበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። የበሰበሰውን እንጨት ደግሞ ምስጥ ይወርሰዋል። ሲታይ ግድግዳው የተላጠ ብቻ ይመስላል፤ ቢላዋ ቢሰኩበት ግን እጀታው ድረስ ይገባል።

ስለዚህ ለጭቃ ቤት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ማለቱ፣ ቀጥሎ አሸንዳው ነው። አሸንዳ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ ማንጠልጠያው በየ60 እና 70 ሳንቲ ሜትሩ ካልተመታ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወገቡ ይለጠጣል። መውረጃ ቱቦው ግድግዳው ሥር አይተፋም፤ ውኃውን ወደ ቦዩ ወይም ወደ በርሜል መምራት አለበት። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ወይም የድንጋይ መራመጃ፣ በሜትር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ ብሎ፣ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ሥሩ የበሰበሰን ግድግዳ ለማዳን ቤት ማፍረስ አያስፈልግም። የሚሠራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በመጀመሪያ የጣሪያው ሸክም በድጋፍ እንጨት ይያዛል፤ ይህን የዘለለ ሰው ጣሪያው ይቀመጥበታል። ከዚያ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ርዝመት ብቻ ይከፈታል። የበሰበሰው ቋሚ ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ ከሥሩ በአንድ እጅ ሲሚንቶና በአራት እጅ አሸዋ የድንጋይ ግንብ ከመሬት በላይ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። የተቆረጠው ቋሚ ግንቡ ላይ ከማረፉ በፊት ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፤ እርጥበት ከድንጋዩ ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ነው። ግንቡ ሲጠነክር ወደሚቀጥለው አንድ ሜትር ተኩል ይታለፋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ለቀናት ይቦካል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጠቅ ይጠበቃል፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። ከላይ ኖራ ይቀባል።

ኖራ ያልኩት አስቤበት ነው። ብዙ ሰው «ቤቱ ያምራል» ብሎ ጭቃ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ይለስናል። ጭቃ ከእርጥበት ጋር ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ የገባው ደግሞ ሲሚንቶው ስለሚያፍነው አይወጣም። ውጪው ነጭ ሆኖ ውስጡ ይበሰብሳል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ልስኑ እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ይወርዳል። ስለዚህ የትኛውም ደንብ የጭቃ ቤት ባለቤትን «ፊት ለፊቱን በሲሚንቶ ለስን» ብሎ ቢያስገድድ ጸሐፊውን ደግፌ እቆማለሁ። «ጠፈጠፉን ያዝ» ማለት ግን ቤቱን ማዳን ነው።

የድንጋዩ ግንብ ሌላ ጥቅም አለው። ምስጥ ከመሬት ወደ እንጨቱ ለመውጣት ግንቡ ላይ የጭቃ መስመር መሥራት አለበት፤ ያ መስመር በዓይን ይታያል። በወር አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ማየትና መፋቅ ነው። ማገዶ ግድግዳ ላይ የደገፈ ወይም አፈር እስከ ግንቡ አናት የከመረ ሰው ግን ለምስጡ ስውር መንገድ ሠርቶለታል።

እንጨትና ጭቃ አይጠገንም ለሚል ሰው ጅሬን ሩቅ አይደለም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አብዛኛው ሥራው እንጨት ነው፤ በዚህ ሁሉ ዝናብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። የቆመው ወጣ ባለ ጣሪያውና በተደጋገመ ጥገና ነው፤ ጥገናው በዘገየ ጊዜ የደረሰበትን ጉዳትም ከተማው ያውቀዋል።

አራተኛው፣ የሽንት ቤቱ ነገር፣ «የሚሸተው ለኔው ነው» የሚለው። ሽታው ቀላሉ ነው። ጅማ ውስጥ ብዙ ግቢ ዛሬም የእጅ ጉድጓድ ውኃ አለ፤ የቧንቧው ውኃ ሲጠፋ ልብስ የሚታጠበው፣ አንዳንዴም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሽንት ቤት ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ሥሩም ከከርሰ ምድር ውኃው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ማለት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። በአዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ በሚጠጉት ዝቅተኛ ሰፈሮች በክረምት ውኃው ወደ ላይ ይመጣል፤ ጉድጓዱ ከሥር በውኃ ይሞላል። ግቢዎች በተጠጋጉበት ሰፈር 30 ሜትር ማለት ሁለትና ሦስት አጥር መሻገር ነው። አንዱ ሽንት ቤቱን ሲቆፍር ሦስተኛው ጎረቤት ውኃ ውስጥ እየቆፈረ ሊሆን ይችላል።

የመሙያ ጊዜውንም ማስላት ይቻላል። በሰው በዓመት ወደ 50 ሊትር ዝቃጭ ይጠራቀማል ብለን እንያዝ። አንድ ሜትር ስፋት፣ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ሲተውለት፣ ወደ 2,000 ሊትር ይይዛል። ስምንት ሰው ላለበት ቤተሰብ አምስት ዓመት ያህል ነው። ባለቤቱ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ሃያ ሰው ሲያደርሰው ግን ሁለት ዓመት ነው። ፌስታልና ጨርቅ ከተጣለበት ደግሞ ቶሎ ይሞላል፤ የመጣጭ መኪናውን ቱቦ ስለሚዘጋም ሠራተኞቹ ትተውት ይሄዳሉ። ያኔ ነው አንዳንዱ ዝናብ ያለበትን ሌሊት ጠብቆ ወደ ቦይ የሚለቀው። የአገሪቱ የጤና ሕግ ያልታከመ የጉድጓድ ፍሳሽ ወደ ውኃ አካል መልቀቅን ይከለክላል፤ ቦዩ ደግሞ መጨረሻው አዌቱ ነው። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር ሲቀረው መኪና መጥራት፣ መኪና የማይደርስበት ከሆነም በአፈር ደፍኖ ሌላ መቆፈር ነው።

አምስተኛውን ሁለት ቦታ ልክፈለው። ጥገና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጡረታ ብቻ ያላት እናት ሃያ ሜትር አሸንዳ በአንድ ወር ግጠሚ ብትባል ከየት ታመጣለች? ለእንዲህ ያለው ቤት ቅጣት ሳይሆን ጊዜ መስጠት፣ እድሩና ቀበሌው ተባብረው ማገዝ ይገባል፤ ደንቡም ይህን ቢጽፈው ጥሩ ነው። «ኪራይ ይወደዳል» የሚለው ግን አያስኬድም። ሰርቪስ የሚያከራይ ባለቤት ከኪራዩ ለጥገና ሳያነሳ ከኖረ፣ እስከ ዛሬ ትርፍ ብሎ የወሰደው የቤቱን ሥር እየሸጠ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ማን ምን እንደሚጠግን እዚያው ውል ውስጥ መጻፍ ነው። የተለመደውና ፍትሐ ብሔር ሕጉም የሚሄድበት፣ ተከራይ በአጠቃቀሙ የሚበላሸውን የበር፣ የመስኮትና የቧንቧ ጥቃቅን ጥገና ሲይዝ፣ በእርጅና የመጣው የባለቤቱ መሆኑ ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳና የሽንት ቤት ማስመጠጥ ለተከራይ ሲተው ማንም አይሠራውም።

ስለ ጉቦው ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ፈቃድ የሚዘገይበት ቦታ ሁሉ ለጉቦ ይመቻል። መድኃኒቱ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ ክፍል መጨመር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አዲስ ግንባታን፣ ማሻሻያን፣ ማፍረስንና የአገልግሎት ለውጥን ፈቃድ ውስጥ አስገብቷል፤ ያለ ፈቃድ የተጨመረች አንዲት ክፍል ኋላ ካርታ ሲታደስ ወይም ቤት ሲሸጥ እዳ ናት። መድኃኒቱ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ መጻፍ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥቶ በሌላው ላይ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ማስጻፍ፣ ከሥራው በፊት ግድግዳውን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ማንሳት ነው። ቁጥር ያለው ወረቀት ይዞ የሚጠይቅን ሰው ማጉላላት ይከብዳል። በጅማ ፈረንጅ አራዳና መርካቶ ሰፈሮች ያሉ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ባለቤቶች ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምሩ፦ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ለጥገናም የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል።

አስተዳደሩም ቢሆን ማስጠንቀቂያውን በኅዳር ቢሰጥና ቀነ ገደቡን በየካቲት መጨረሻ ላይ ቢያደርገው ግማሹ ጠብ ይቀራል። ወቅቱ ደረቅ ነው፤ ቡና የሸጠ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ አለ፤ የመጋቢት ዝናብም ገና አልጀመረም። የቡና ለቀማው ሳያልቅ የቀን ሠራተኛ ስለሚጠፋ ትልቁን ሥራ ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲያ መያዝ ይሻላል።

ጸሐፊው ሲያጠቃልሉ «ነገ ደግሞ አቮካዶህን ከርክም ሊሉን ነው» ብለው ይሳለቃሉ። ቅርንጫፉ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ከተዘረጋ፣ አዎ፣ ይከርክሙት። ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል፤ ፍሬው ሲወድቅ ቆርቆሮውን ያጎደጉደዋል፣ ጎድጓዳው ላይ ያቆረው ውኃም ያዝገዋል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በደረቁ ወቅት፣ ወፍራም ቅርንጫፍ ከሆነ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ቆርጦ ከዚያ ከላይ መቁረጥ ነው፤ አለበለዚያ ሲወድቅ ልጡን ከግንዱ ይዞት ይወርዳል። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ የነካ ከሆነ ግን መጥረቢያውን አስቀምጠው ለመብራት ኃይል ያመልክቱ።